ታሪክ በነጻ አይታደስም

«ቤት ያለ ምሰሶ፣ አገር ያለ ኮሚቴ አይቆምም» ይላሉ አበው። የትኞቹ አበው እንዳሉት ተፈልጎ አልተገኘም፤ የእድሳት ኮሚቴው ሊቀመንበር ሳይሆኑ አይቀሩም። ከዚህ በታች የሚተረከው እውነት ግን አባባሉ በግማሹ የተሳሳተ መሆኑን ያስረዳል። ብርቱ ኮሚቴ ያለው ሕዝብ ምሰሶም አያስፈልገው፣ ቤትም አያስፈልገው።

ከተማዋ አንድ የምክር አዳራሽ ነበራት። አያቶች የተማከሩበት፣ አባቶች የተሰዳደቡበት፣ የአሁኖቹ ደግሞ ከዝናብ የሚጠለሉበት ነበር። ኋላ ኋላ ከደጅ ይልቅ ከውስጥ አብዝቶ ይዘንብ ጀመርና ሰው ደመና ሲያይ ከአዳራሹ ወደ ሜዳ ይሸሽ ነበር። ከጣሪያው የከፋው ግን መሃል ላይ የቆመው ምሰሶ ነው። አንድ ጎልማሳ አቅፎ ጣቶቹን ለማገናኘት የሚቸገርበት ይህ ግንድ ከአናቱ እስከ እግሩ ተሰንጥቆ፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር እንደ ታመመ ሽማግሌ ያቃስታል።

ይህን ምሰሶ በቀድሞው ፋንታ የተከሉት የከተማዋ አናጺ አባት ነበሩ። ነፍሳቸው ልትወጣ ስትል ልጃቸውን ጠርተው፣ «ልጄ፣ ያን ምሰሶ ከነእርጥበቱ ነው የተከልኩት። ቸኩዬ ነበር። ሰው ላይ ሳይወድቅ ለውጥልኝ፤ አለዚያ አጥንቴ አያርፍም» አሉት። አናጺው ቃል ገባ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ የተመረጠ ግንድ በግቢው ጥላ ሥር አደረቀ። ላጠው፣ አለሰለሰው፣ በዘይት አሸው፤ ሚስቱ «እኔን እንዲህ አሽተኸኝ ብታውቅ ኖሮ የወገቤ ነገር ድሮ ያልቅለት ነበር» እስክትለው ድረስ።

ግንዱ በደረቀ ጊዜ አናጺው በከተማው ትልቅ ስብሰባ ላይ ቆቡን አውልቆ ተነሣ።

«ጋሼ፣ ምሰሶው መውደቂያው ደርሷል። እኔ ግንዱን አዘጋጅቻለሁ። አራት ጉልበት ያላቸው ሰዎች ስጡኝና በግማሽ ቀን ልለውጠው።»

ስብሰባውን የሚመሩት የእድሳት ኮሚቴው ሊቀመንበር ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሹም ናቸው። በሥራ ዘመናቸው አንድም ወረቀት ጠፍቶባቸው አያውቅም፤ ሲፈለግ የተገኘም የለም። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

«ዋጋህ ስንት ነው?»

«ምንም። የአባቴ አደራ ነው።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ምሰሶው ብቻ አቃሰተ።

«ሰማችሁ ጎበዝ?» አሉ ሊቀመንበሩ። «መቶ ዓመት የኖረ ታሪክ በምንም ይታደስ ይለናል። ለዶሮ ቤት እንኳ ሚስማር ይገዛለታል። ታሪክ በነጻ አይታደስም። በነጻ ከታደሰማ ጥገና ሆነ።»

«እሱስ ጥገና ነው» አለ አናጺው።

«ቁጭ በል ልጄ። አንተ እንጨት ታውቃለህ፤ ቅርስ አታውቅም።»

ጭብጨባው ከጣሪያው ሁለት ሚስማር ነቅሎ ጣለ። እዚያው ገቢ አሰባሳቢ ኮሚቴ ተመረጠ፤ ኮሚቴውን የሚከታተል ንዑስ ኮሚቴ ተመረጠ፤ ንዑስ ኮሚቴው እንዳይሰለች የሚያበረታታ ቡድንም ተመረጠ። አናጺው ከሁሉም ተገለለ። ምክንያቱ በቃለ ጉባኤው ላይ «ግንድ ስላለው» ተብሎ ሰፍሯል።

ማታ ሚስቱ ግንዱ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበር።

«ምን አሉህ?»

«እንጨት ታውቃለህ፤ ቅርስ አታውቅም አሉኝ።»

«እነሱስ ከሁለቱ የትኛውን ነው የሚያውቁት?»

ኮሚቴው በመጀመሪያው ወር «የታሪክ ወዳጅ» የሚል የምስክር ወረቀት አሳትሞ ለገበያ አቀረበ። ሦስት ተሸጠ። አንዱን ሊቀመንበሩ፣ አንዱን ሚስታቸው፣ አንዱን ደግሞ አማታቸው ሳያውቁ ገዙ። ያኔ የኮሚቴው ጸሐፊ፣ ስብሰባ ካልተጻፈ አልተካሄደም ብሎ የሚያምን ቀጭን ሰው፣ እጁን አወጣ።

«ሰው ለወዳጅነት ኪሱን አይዳብስም ጋሼ። ባለቤት ትሆናለህ ካሉት ግን ሱሪውን ሸጦ ይመጣል።»

አዲሱ ወረቀት እንዲህ ይል ነበር፦ «የዚህ ሰነድ ያዥ ከታች ለተጠቀሰው የአዳራሹ ክፍል ሙሉና የማይሻር ባለቤት ነው። እንደፈለገ ያደርገዋል።» ሁለት ማኅተም ተመታበት፤ አንዱ ለሕግ፣ አንዱ ለጌጥ።

ከተማው አበደ። ቆርቆሮው በቁጥር፣ ግድግዳው በድንጋይ በድንጋይ፣ ሚስማሩ በፍሬ ተቸበቸበ። በሩን ሥጋ ሻጩ ገዛው፤ ቁልፉን ደመኛው የሆነው ልብስ ሰፊ ገዛው። በሩ ከዚያ ወዲያ አልተከፈተም። ተሰብሳቢው በመስኮት መግባት ጀመረ። መስኮቱን የገዛችው ዳቦ ጋጋሪዋ ደግ ሴት ናት፤ ጫማህን ጥረግ ከማለት በቀር አትከለክልም። የሚሸጥ ሲያልቅ የአዳራሹ ማሚቶ ለአንድ ዘፋኝ፣ የከሰዓት በኋላ ጥላው ለአንድ ባለ አህያ ተሸጠ። ምሰሶው ለባለወፍጮው ደረሰ። ስንጥቁ ለብቻው ተተምኖ ነው የተሸጠለት።

አንድ ማለዳ ሊቀመንበሩ ከጸሐፊው ጋር ሲያልፉ ዳቦ ጋጋሪዋ ከሁለት ሠራተኞቿ ጋር መስኮቱን በዶማ ስትፈነቅል አገኟት።

«አንቺ ሴት፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«መስኮቴን እየወሰድኩ ነው። ዳቦ ቤቴ በጭስ ታፈነ።»

«የታሪካዊውን አዳራሽ መስኮት?»

«ጋሼ፣ ይቺን ያንብቧት። መነጽርዎ ግንባርዎ ላይ ነው።»

አነበቡት። ደግመው ጮክ ብለው አነበቡት።

«እንዲህ አጥርቶ የጻፈው ማን ነው?» አሉ ወደ ጸሐፊው ዞረው።

«እርስዎ ነዎት።»

«ማለፊያ ጽሑፍ ነው። ክፍተት የለውም።»

የራሱን ማኅተም የሚክድ ነገ የእናቱን ጡት ይክዳል። ስለዚህ ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰብስቦ ነገሩን መመሪያ አደረገው፤ «ቅርስን ወደ ባለቤቱ የማቅረብ መርሃ ግብር» ተባለ። በሦስተኛው ቀን ቆርቆሮ በጭንቅላት፣ ድንጋይ በጋሪ፣ በር በትከሻ ይጓዝ ጀመር። ልብስ ሰፊው ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከበሩ ኋላ ኋላ ሄደ።

አናጺው ይህን አየ። ሰው እየተጋፋ የሚነቅለው እዚያው የአባቱ ምሰሶ ሥር ነው። እየሮጠ ባለወፍጮው ዘንድ ደረሰ።

«ወንድሜ፣ ምሰሶህን ልለውጠው ፍቀድልኝ። ሰው ላይ ይወድቃል።»

«ብትለውጠው ስንጥቁ የት ይሄዳል? ከነስንጥቁ ነው የገዛሁት።»

«ስንጥቅ ምን ያደርግልሃል?»

ባለወፍጮው ዱቄት የለበሰ ቅንድቡን አሻሸ። «እንጃ። ውድ ነበር።»

አናጺው ተመልሶ ምሰሶው አጠገብ ቆመ። አራት ቀን ሙሉ እጁን ዘርግቶ «እልፍ በሉ፣ እልፍ በሉ እባካችሁ» ሲል ዋለ። በአራተኛው ቀን ማምሻ የመጨረሻዋ ቆርቆሮ ተነሣች። ባለወፍጮውም አሥር ጉልበተኞችና ሁለት ጥቅል ገመድ ይዞ ደረሰ። ገመዱ ገና ሳይፈታ ምሰሶው አንዴ አዛጋና፣ እንደ ሰከረ ሰው ቀስ ብሎ ተኛ። አናጺው ሰዉን በደረቱ ገፍቶ አራቀ። ሥሩ ሲታይ በምስጥ ተበልቶ አልቋል። ለካ ምሰሶው ጣሪያውን አልተሸከመም ኖሯል፤ ጣሪያው ነው ይህን ሁሉ ዘመን ምሰሶውን በአናቱ አንጠልጥሎ የያዘው።

«ማንንም አልነካም?» አለ አናጺው።

«ማንንም።»

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ «አባቴ ዐረፈ» አላት። እውነቱን ነበር፤ ለሁለት ቀን ያህል።

በሦስተኛው ቀን ሊቀመንበሩ በባዶው ወለል ላይ ቆመው የሥራ ሪፖርት አቀረቡ። «አንደኛ፣ ጣሪያው ማፍሰሱን ሙሉ በሙሉ አቁሟል። ሁለተኛ፣ ምሰሶው ከእንግዲህ የመውደቅ ስጋት የለበትም። ሦስተኛ፣ በአየር እጦት ሲቀርብ የነበረው ቅሬታ ምላሽ አግኝቷል። የሚያስፈልገው ገንዘብ ከነትርፉ ተሰብስቧል። የቀረን የሚታደስ ነገር ማግኘት ብቻ ነው።»

ጭብጨባው ሲበርድ ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ።

«አንድ ያልተሸጠ ነገር አለ ጋሼ። የአናጺው ግንድ።»

«እሱ አዳራሹ ውስጥ ገብቶ እንኳ አያውቅም» አለ አናጺው።

«ለዚህ ነዋ የተረፈው» አሉ ሊቀመንበሩ። እንባ አቀረሩ። «ወገኖቼ፣ ከታሪካዊው አዳራሻችን የቀረን ብቸኛ ቅርስ ይህ ግንድ ነው።»

ወዲያው ተወሰነ። ግንዱ በሚቀጥለው እሑድ በባዶው ወለል መሃል ይቆማል፤ ሕዝቡም ዙሪያውን ከብቦ ያጨበጭባል።

«አንድ ክንድ ተኩል ጉድጓድ ልቆፍርለት» አለ አናጺው።

«ታሪካዊ መሬት አይቆፈርም።»

«ታዲያ በምን ይቆማል?»

«በክብር።»

«ክብር ነፋስ አይችልም ጋሼ። ሰው ላይ ይወድቃል።»

«አንተ ልጅ፣ ከመውደቅ ሌላ አሳብ የለህም? እንደ አባትህ በርታ እንጂ።»

አናጺው እቤቱ ገብቶ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ሚስቱ እጇን በመቀነቷ ጠርጋ አየችው።

«አባትህ ሰው ላይ እንዳይወድቅ አይደል ያሉት?»

«አዎ።»

«አሮጌው ማንም ላይ አልወደቀም። አዲሱ ከወደቀስ፣ ማረፋቸው በየት በኩል ነው?»

አናጺው ቀና ብሎ አያት።

«ትልቁ መጋዝ፣ ባለ ሁለት እጀታው፣ የት ነው ያለው?» አለች።

እሑድ ሕዝቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ጠበቀ። ግንዱ ሪባን ታስሮለት ወለሉ መሃል ተጋድሟል፤ በአንድ ጫፉ ገመድ ተጠምጥሟል፤ አሥሩ ጉልበተኞች ንግግሩ ሲያበቃ ሊስቡ ገመዱን ይዘዋል። ከተሰበሰበው ገንዘብ የተከራዩት ድምጽ ማጉያ ከመጮኹ ብዛት እርግቦቹን ወደ ጎረቤት ከተማ አሰድዷል። ሊቀመንበሩ ሠላሳ ስምንት ገጽ አወጡና መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። መነጽሩ የማንበቢያ ነው፤ ከወረቀቱ ወዲያ ያለው ዓለም ሁሉ ጭጋግ ሆነባቸው።

«ታሪክ ሲባል» ብለው ጀመሩ፣ «በመሠረቱ ያለፈ ነገር ነው።»

አናጺው የመጋዙን አንድ እጀታ ያዘ። ሚስቱ ሌላውን ያዘች።

«ሳብ እንጂ አንተ ሰውዬ።»

በሦስተኛው ገጽ ላይ የመጀመሪያው ቁራጭ ተለየ፤ ለጉልበት ልክ የሆነ፣ ድቡልቡል፣ ለስላሳ። ከሌሊቱ ጀምሮ ሲፈጭ ያደረው ባለወፍጮ አየውና ሳያስበው ቁጭ አለበት።

«ጋሼ መቼ ነው የሚጨርሱት?» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ በሹክሹክታ።

«ገና አያታቸው አልተወለዱም» አለ ሰፊው።

«እንግዲያስ ለእኔም ቁረጥልኝ።»

በአሥራ አንደኛው ገጽ ሦስት ሰው ተቀመጠ። በሃያኛው ሥጋ ሻጩና ሰፊው አንድ በርጩማ ተካፍለው ጀርባ ለጀርባ ተደገፉ። «ይህ ምሰሶ ሺህ ዓመት ይቆማል» ሲሉ ሊቀመንበሩ በድምጽ ማጉያው፣ ሰባተኛው ቁራጭ ጠብ አለ። «ማንም አይደፍረውም» ሲሉ አማታቸው ስምንተኛው ላይ ተደላድለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። የመጋዙ ዱቄት ሽቅብ ሲበን ጸሐፊው ለበዓሉ የታሰበ መስሎት «ደማቅ ነበር» ብሎ ጻፈ።

«እነሆ፣ ጎበዛዝት፣ ሳቡ።»

አሥሩ ጉልበተኞች ሳቡ። ባለወፍጮው ከነበርጩማው አምስት እርምጃ ያህል ተንሸራቶ ሄደና ቆመ።

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አነሡ። ሕዝቡ ሁሉ ከሳቸው ዝቅ ብሎ በረድፍ ተቀምጦ ቀና ብሎ ያያቸዋል። በሕይወታቸው እንዲህ ሥርዓት የያዘ ስብሰባ አይተው አያውቁም።

«ምሰሶው የት ነው?»

«ተቀምጠንበታል» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

አናጺው ላቡን እየጠረገ አንድ በርጩማ በእግሩ ገፋ አደረገላቸው። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ማንም ላይ አይወድቅም። የእርስዎም ይኸው፤ እስከ ገጽ ሠላሳ ስምንት ድረስ ቆመዋል።»

ሊቀመንበሩ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ጉልበታቸው ግን ቀድሞ ተናገረ። ተቀመጡ። ወደ ቀኝ ተመቻቹ፣ ወደ ግራ ተመቻቹ። አልተወዛወዘም፤ ስድስት ዓመት የደረቀ እንጨት ነው።

ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ ጎንበስ አለ። «በቃለ ጉባኤው ምን ብዬ ላስፍር?»

«የታሪካዊው አዳራሽ እድሳት በታቀደለት ጊዜ ተጠናቀቀ፤ ሕዝቡም ገብቶ ተቀመጠ ብለህ ጻፍ።»

ጸሐፊው በር ወደነበረበት አየ፣ መስኮት ወደነበረበት አየ፣ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ።

«በየት በኩል ገባ ልበል?»

«በኮሚቴው በኩል።»