የቢራ ማቀዝቀዣ መራጭ ከፍተኛ ኮሚቴ ገድል

በሰቆጣ ከተማ፣ ስሙን መጥራት ትሕትናችንን በሚነካ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ አንድ የፈላ ድስት ለማቀዝቀዝ ሰባት አባላት ያሉት ከፍተኛ ኮሚቴ መቋቋሙን ትውልድ እንዳይረሳው ይህን ጽፌአለሁ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል። እኛ ሰባት ነበርን፤ የጎደለን ብርቱው ብቻ ነው። እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ሲሆን፣ በስድስት ዓመት ውስጥ እንደዚህ የኮራሁበት ቃለ ጉባኤ አልጻፍሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰርካለም የምትባል የከተማችን ልጅ ቤቷ ውስጥ ቢራ ትጠምቃለች። የገብስ ብቅል ታፈላና ጌሾውን ሌላው ሰው ከሚጨምረው ሦስት እጥፍ ታደርግበታለች። የመጀመሪያው ጉንጭ ፊት ያስቋጥራል፤ ሁለተኛው ይፈታዋል። ችግሯ አንድ ነበር፦ የፈላው ብቅል እርሾ ከመግባቱ በፊት ቶሎ መቀዝቀዝ አለበት። ከዘገየ የጌሾው መዓዛ ይጠፋል፣ ብቅሉም ይኮመጥጣል።

በዚያ ሰሞን አዲስ ሆቴል ሊከፍት የተሰናዳው አቶ ይግዛው፣ «ለምረቃው ሁለት ጀሪካን አምጭ። ከጣመኝ የዓመት ውል እንፈራረማለን። ካልጣመኝ የአምደወርቁ ጠማቂ አቶ መልሰውም አለ» ብሏት ነበር። ሰርካለም ለዚህ ስትል መምህርነቷን ለቃለች። ውሉ ካመለጣት የምትመለስበት ሥራ የላትም።

ስለዚህ ለአምራቾች ዕቃ ወደሚያድለው መሥሪያ ቤታችን መጣችና አንድ ጥቅል የመዳብ ቧንቧ ጠየቀች። ቧንቧው ድስቱ ውስጥ ይነከራል፣ ቀዝቃዛ ውሃ በውስጡ ያልፋል፣ አለቀ።

«ቧንቧ?» አሉ ሰብሳቢያችን አቶ ማዕረግ መነጽራቸውን አውልቀው። «ልጄ፣ እኛ ቧንቧ አንሰጥም። እኛ ቴክኖሎጂ ነው የምንሰጥ።»

«ታዲያ ቶሎ ይደርስልኛል?»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ አቶ ማዕረግ፤ በዚህም መሠረት ሳንሮጥ አሥራ አንድ ጊዜ ተሰበሰብን።

ሦስት አማራጮች ቀረቡ። የመጀመሪያው የሰርካለም ጎረቤት የእማማ ወለተ ሐና ሐሳብ ነው። እማማ አርባ ዓመት አረቄ ያወጡ ሴት ናቸው። «ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ገንዳ ውስጥ ክተቱት፣ ውሃው ሲሞቅ ቀይሩት» አሉ። ይህ አማራጭ የአምራች አድራሻ፣ መለዋወጫና የአጠቃቀም መመሪያ ስለሌለው ዜሮ አገኘ። ሁለተኛው የመዳቡ ቧንቧ ነበር፤ አሠራሩ አንድ ጊዜ ታይቶ የሚገባ ዕቃ በመሆኑ ቴክኖሎጂነቱ አጠራጠረንና ሠላሳ አንድ ሰጠነው። ሦስተኛው የብረት ሳህኖች ተደራርበው የተጣበቁበት ማሽን ነው። ትኩሱ በአንዱ ሳህን፣ ቀዝቃዛው ውሃ በሌላው በኩል፣ ስንደዶ በማያስገባ ክፍተት ይተላለፋሉ። መመሪያው ማናችንም በማናነበው ቋንቋ የተጻፈ ስለነበር ጥልቀት እንዳለው በሙሉ ድምፅ አመንን።

«ጌሾው ግን በዚህች ቀዳዳ ያልፋል?» አለች ሰርካለም።

«ጌሾ በመመዘኛው ላይ አልሰፈረም» አልኋት። ደግሞም አልሰፈረም።

በሙከራው ቀን ድስቷን አስጭና መጣች። ጥበቃው በር ላይ አገዳት፤ የአልኮል መጠጥ ወደ ግቢ ማስገባት ክልክል ነው። አቶ ማዕረግ ራሳቸው ወረዱ።

«ገና እኮ መጠጥ አልሆነም» አለች። «እርሾ አልገባበትም። ሕፃን ቢጠጣው አያሰክርም።»

«ወደፊትስ?»

«ወደፊትማ ያሰክራል።»

«እንግዲያው በዕቅድ ደረጃ አልኮል ነው» አሉ አቶ ማዕረግ። ድስቱ ተመለሰ።

ሕግ አክባሪዎች ስለሆንን ማሽኑን በንጹሕ የፈላ ውሃ ሞከርነው። ውሃው እየፈላ ገባ፣ ቀዝቅዞ ወጣ። ዘጠና ስምንት ከመቶ ሰጠነው። ሁለቱን ነጥብ ያስቀረነው አዳላችሁ እንዳንባል ነው።

የርክክቡ ዕለት በሰርካለም ግቢ ሪባን ተዘረጋ። የቧንቧ ውሃ በሳምንት አንዴ የሚመጣ በመሆኑ ጎረቤቶቿ ሌሊት ወንዝ ወርደው በጀሪካን ቀድተው፣ ውሃው ቁልቁል ወደ ማሽኑ እንዲፈስ ጣሪያው ላይ ደርድረውላታል። አቶ ማዕረግ ስለ ቴክኖሎጂ ሽግግር አርባ ደቂቃ ተናገሩ፤ ድስቱም ከምድጃ ወርዶ አርባውን ደቂቃ ሙሉ በጨዋ ደንብ አዳመጠ። ከዚያ ሪባኑ ተቆረጠ፣ ማሽኑ ተከፈተ። አንድ ስኒ የምታህል ጠብ ጠብ አለችና ቆመች። የጌሾው ቅጠል ሳህኖቹን ጥርቅም አድርጎ ዘግቷቸዋል።

«ማሽኑ ምንም አልሆነም» አሉ አቶ ማዕረግ። «ሥነ ሥርዓት የጎደለው ጌሾው ነው። ብትቀንሽውስ?»

«ጌሾ ያልገባበት ቢራ ምን ይረባኛል?»

«ለማሽኑ ይስማማል።»

እውነቱን ልናገር፤ አዘንሁላት። ኀዘን ግን የሚገባበት አጀንዳ አልነበረም።

ለአስቸኳይ ስብሰባ ወደ ቤት ገባን። እኛ ጌሾ በሌለበት ስለ ጌሾ ስንወስን፣ ውጭ እማማ ወለተ ሐና አህያቸውን ከገንዳው ገፋ አድርገው፣ ገንዳውን አጥበው፣ ጀሪካኖቹን ገለበጡበት። ሁለቱ ሴቶች ድስቱን አንሥተው ከተቱት። ውሃውን ሁለት ጊዜ ቀየሩት። እኛ «ጌሾው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው ወይስ አይሰጠው» የሚለውን ለድምፅ ስናቀርብ ድስቱ ቀዝቅዞ፣ እርሾው ገብቶ፣ ክዳኑ ታስሯል።

የሆቴሉ ምረቃ ደረሰ። አቶ ይግዛው ብርጭቆውን አነሣ። አንድ ጉንጭ ጠጣና ፊቱን ቋጠረ። ሁለተኛውን ጠጣና ብርጭቆውን ወደ እሷ ገፋ፤ «ድገሚኝ» አለ። ውሉ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተፈረመ።

አቶ ማዕረግ ተነሡ። «ክቡራን እንግዶች! ይህ ጣዕም የማሽኑ ጣዕም ነው!» አሉ፣ ተጨበጨበም። «እስቲ ባለቤቷ ትመስክር።»

እኔ ጉድ ፈላ ብዬ ጠረጴዛው ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝ። ሰርካለም ግን ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሣች።

«እውነት ነው ጋሼ» አለች። «ይህን የመሰለ በረከት ለብቻዬ ይዤ መቅረት ግን ግፍ ይሆንብኛል። እኔ እንግዲህ በእናንተ ጸሎት እንደምንም እጠምቃለሁ። ማሽኑን ለአምደወርቁ ጠማቂ ለአቶ መልሰው ስጡልኝ።»

አቶ ማዕረግ ዕንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ። በማግስቱ ማሽኑ ተጭኖ ሄደ። ለንግድ ተፎካካሪው እንዲህ የሚቆረቆር ሰው በዘመናችን አይተን እንደማናውቅም በሙሉ ድምፅ በቃለ ጉባኤው አሰፈርን።