ማር የተቀባ አውራ ጣት

ሰው ስለ ዘር ሲያወራ ጥልቅ ማለት እወዳለሁ፤ ሥራዬ ነዋ! ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ከብት የሚፈጀውን የገንዲ በሽታ ተውሳክ ይዤ የባሕር እንስሳ ዘረመል አስገባበታለሁ፤ እንዲያበራና የሚሄድበትን እንድናይ። በዓይን የማይታይ ነገር ውስጥ እንዴት ይገባል አትሉም? ለቅጽበት በኤሌክትሪክ ትመቱታላችሁ፤ ገላው ሲከፈት እንግዳው ዘው ይላል። ብዙዎቹ ይሞታሉ። በተረፉት ላይ ገዳይ መድኃኒት ይጨመራል፤ እንግዳው የመድኃኒቱን መከላከያ ይዞ ስለሚገባ፣ በሕይወት የሚቆየው እሱን የተቀበለው ብቻ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ምላሴ ተይዞ አያውቅም። የተያዘው ሌላ ቦታ ነው።

ጦርነቱ ወደ ወልድያ የተጠጋ ሰሞን፣ ለዚሁ ሥራ የከብት ደም ልሰበስብ ትውልድ አገሬ መርሳ ነበርኩ። ሕዝቡ ሲሸሽ እኔም ወደ ደሴ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከጎኔ ለተብርሃን ተቀምጣለች፤ ወላጆቿ ከትግራይ የመጡ፣ እሷ ግን ወልድያ ተወልዳ እዚያው በርበሬ የምትነግድ፣ ከልጅነቴ የማውቃት ሴት። ከፊታችን አያ ይመር የሚባሉ የሀብሩ ገበሬ አሉ፤ ጭናቸው ላይ የማር ጣሳ። ውርጌሳን እንዳለፍን ኬላ ገጠመን።

«መታወቂያ!»

ፈታሾቹ ከእኛ በፊት ከነበረው መኪና ስሟ ያልጣማቸውን አንዲት ሴት አስወርደው መንገድ ዳር አቁመዋታል፤ መኪናው ጥሏት ሄዷል። ለተብርሃን መታወቂያዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። «አውቃታለሁ፣ የአገራችን ልጅ ናት» ማለት እችል ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ? በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

ፈታሹ ከሹፌሩ ሲጀምር አያ ይመር ዞር አሉ።

«አባት አለሽ?»

«ሞተዋል፣ አያ።»

ጣሳውን ከፍተው አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነከሩ። «በይ ጥቢ!»

የወሎን ወግ መቼም ታውቃላችሁ፤ ማር የተቀባ ጣት የጠባ የጡት ልጅ ነው፣ ከአብራክ ልጅ አይለይም። ግን እኮ ይህ የሚሆነው ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ዱዓ ተደርጎ ነው! የሁለት ልጆች እናት የሆነችው ለተብርሃን አንገቷን ደፍታ ጠባች።

ፈታሹ ደረሰ። መታወቂያዋን አገላበጠ።

«ይቺ የማን ናት?»

«የኔ ልጅ።»

«አባባ፣ ስሟ እንዲህ እያለ?»

«ስሙን እኔ አላወጣሁላት። ወላሂ ልጄ ናት!» አሉ፤ በሐሰት የሚምሉ የማይመስሉት ሰው።

አፏ ላይ ማር አለ። ፈታሹ ማሩን አየ፤ አያ ይመርንም አየ።

«ሂዱ!»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ለተብርሃን ትከሻቸውን ስማ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አያ ይመር ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ የማን ልጅ ነህ?»

የአባቴን ስም ነገርኳቸው።

«አውቀው ነበር» አሉ። «እሱ ቢሆን ዝም አይልም ነበር።»