እስከ አፉ የተሞላው መጥበሻ

የባህር ማዶ ዕቃ ቤታችን ሲገባ የራሱን ጠባይ ይዞ ነው የሚገባው። እኛ ደግሞ የኛን እናስለምደዋለን እንላለን። ማን ያሸንፋል? እኔ እስካሁን ሰው ሲያሸንፍ አላየሁም።

ለጎረቤቴ ለአስካለ እህቷ ከዱባይ የኤሌክትሪክ መጥበሻ ላከችላት፤ ባልዲ የመሰለ፣ የሽቦ ቅርጫት ያለው፣ ዘይት እንደ ጠላ የሚጠጣ። ካርቶኑ ሲከፈት በአጥር ቀዳዳ፣ ማለቴ በአጋጣሚ አይቻለሁ። አስካለም ለልጇ ለሰላም ሽማግሌ ለሚላክበት ቀን አስቀመጠችው። ሰላም ሽማግሌ የሚልከውን ልጅ ትወደዋለች፤ ይህን እስከ ቁስቋም የማያውቅ የለም፤ እኔ የነገርኩት ግን ለጥቂት ሰው ነው።

ቀኑ ደረሰ። ጾም ስለሆነ ድንች ሊጠበስ ነው፤ ላግዝ ገባሁ። በመጥበሻው ውስጥ የዘይቱን ልክ የሚያሳይ መስመር አለ። ሰላም፣ እማዬ ዘይቱ ከዚህ አይለፍ አለቻት። አስካለ ተቆጣች። ለእንግዳ በመስመር ለክቼ ልቅዳ? ሽማግሌ ሲመጣ ጎደሎ ዕቃ ገድ አይሆንም ብላ እስከ አፉ ሞላችው። ዘይቱ ሲግል፣ እንዳይጠቁር ውሃ ውስጥ የቆየውን ድንች፣ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ በእፍኝ በእፍኝ ጨመረችበት።

ዘይቱ ተንጫጫ፣ ተነሣ፣ እንደ ክረምት ወንዝ ገንፍሎ ጠረጴዛውን፣ ወለሉን፣ አዲሱን ምንጣፍ አዳረሰው። ሰላም ሮጣ ሶኬቱን ነቀለች። ሰው አልተቃጠለም፣ ተመስገን፤ ቤቱ ግን በጭስ ታፈነ፣ መቆሚያም ጠፋ። በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ።

አስካለ ጉዷ እንዳይታይ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ዛሬ አይመችም አለቻቸው። ጋቢ ለብሶ በር የቆመ ሽማግሌ ይህን ሲሰማ ምን ይረዳል? ተያይተው ዞሩ።

ነጠላዬን እያንጠለጠልኩ እስከ ሽሮ ሜዳ መውረጃ ተከተልኳቸው። እምቢታ አይደለም፣ ዘይት ፈሶ ነው አልኳቸው። ትልቁ ሽማግሌ፣ የልጁ አባት፣ በሐዘን አዩኝ።

«እህቴ፣ እምቢ ማለት እኮ ነውር የለበትም። በዘይት ማሳበብ ግን ምን ያደርጋል?»

ሐሜቴን ሰፈሩ ሁሉ ያምናል፤ ያን ቀን እውነት ብይዝ የሚያምነኝ አጣሁ።

ሰላም ደውላ ብታስረዳ ልጁ፣ እኔማ አምንሻለሁ፣ አባቴ ግን በር ላይ ተዋረድኩ፣ ዳግመኛ አልሄድም ብለው ምለዋል አላት። አሁን ከሥራ ስትመለስ አንገቷን ደፍታ ታልፈኛለች። እኔም እሷን ሳይ ከአጥሩ ቀዳዳ ዞር እላለሁ።

መጥበሻውስ? አስካለ አጥባ፣ ወልውላ፣ ካርቶኑ ውስጥ መልሳ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቅላዋለች። ለማን ነው ብላት፣ ለሰላም የሠርግ ስጦታ ነው አለችኝ።