በአዋሽ ጣቢያ ያልቆመችው ኦራል

ሰው ወሬ ሲያወራ ወይ ይጨምራል ወይ ይቀንሳል። እንዳለ የሚያወራ ሰው አላየሁም፤ አይተናል ካላችሁኝ እናንተም እየጨመራችሁ ነው። ከዚህ ሕግ ነጻ የሆኑት አፋሮች ብቻ ናቸው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ከተገናኙ ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ያዩትንና የሰሙትን፣ ዝናብ የጣለበትን፣ ግመል የጠፋበትን፣ አንዲት ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ። ወዳጄ ሁመድ ሃያ ዓመት ሙሉ ሻይ ቤቴ ተቀምጦ ከመንገደኛው ሁሉ ዳጉ ሲቀበል ከእኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም። ምን በደልኩህ ብዬ ብጠይቀው፣ የጠፋች ግመሉን ፍለጋ በእኔ ወሬ ሦስት ቀን ተጉዞ ያገኘው የሰው አህያ እንደነበር አስታወሰኝ። እኔኮ ግመል አላልኩም፤ ግመል የምታህል ነው ያልኩት። ሰው በደንብ አይሰማም።

እንግዲህ እኔ ሰይድ ጨማሪ ነኝ። ወሎ ተወልጄ፣ ንግድ ብዬ ወርጄ፣ አዋሽ ሰባት ላይ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ከፈትኩ። ሙቀቱ፣ ወላሂ፣ እሳት ሳላነድ ሻይ ያፈላሁበት ቀን ነበር። ዛሬ የምኖረው ሰመራ ነው፤ በደርግ ጊዜ ጥቁር ድንጋይ ብቻ የነበረበት ቦታ ላይ ከተማ ቆርቁረው፣ እኔንም አምጥተው ቬንትሌተር ሥር አስቀመጡኝ። ይህን የምጽፈውም ቬንትሌተሩ ሲቆም ሲቆም ነው፤ ጽሑፉ ከተቆራረጠ የመብራት ኃይል ነገር ነው።

ተክሌ የጣቢያው ሰው ነበር። አረንጓዴዋን ባንዲራ ካላወዛወዘ በቀር ከአዋሽ ባቡር ንቅንቅ አይልም። ሚስቱ ቀድማ ሞታበት ከአንድ ልጁ ከዮናስ ጋር ይኖር ነበር። ታዲያ በደርግ ማብቂያ ዓመታት አንድ ቀን ናልኝ ብሎ የጣቢያውን አሮጌ ዕቃ ቤት ከፈተልኝ። ምን ልበላችሁ። አልጋ በሚያህል ጣውላ ላይ መላው የአዋሽ ጣቢያ ተዘርግቷል። ሐዲዱ የሽቦ፣ ፉርጎዎቹ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ ጎማው ሁሉ ቆርኪ። ዛፎቹ እንኳ የእውነት እሾህ አላቸው። የእኔ ሻይ ቤት ግን አንዲት የክብሪት ሳጥን ሆና ከጣቢያው ሽንት ቤት አንሳለች። ቅሬታዬን ወዲያው አሰማሁ። ተክሌ፣ ለክቼ ነው የሠራሁት፣ ትልቅ ያደረግካት በወሬ ነው አለኝ።

ባቡሩን እሱ ጨርሷል። የቀረው መኪናው ነው፤ ያንን ደግሞ ለእኔ ሰጠኝ። ደጃፌ ላይ ተቀምጬ መኪና ስቆጥር የኖርኩ ስለሆንኩ የመንገዱ ባለሙያ እኔ ነኝ ማለት ነው። ሹመቱን በደስታ ተቀበልኩ፤ ከዚያ የመቼውን ዘመን መኪና ልሥራልህ ብዬ ጠየቅሁት።

"ዘመን ሳይሆን ቀን ነው" አለ። "ዮናስ የሄደበት ቀን፣ ቀትር ላይ። ያልነበረ እንዳይገባ፣ የነበረም እንዳይቀር።"

ደስታዬ እዚያው በረደ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ይህንን ሳልጨምር ነው የምነግራችሁ።

ከዚያ አራት ዓመት በፊት አፈሳ መጣ ተባለ። ወጣት ልጅ ከመንገድ ተይዞ በወታደር መኪና ይጫንና ወደ ጦር ካምፕ ይላካል። ተክሌ ልጁን ድሬዳዋ አክስቱ ዘንድ ሊያሸሸው በቀትሩ ባቡር ቲኬት ቆረጠለት። ዮናስ ለመንገዱ ዳቦ ሊገዛ እኔ ዘንድ ገባ። እኔ ደግሞ ሦስተኛ ማዕረግ ያለ ቲኬት ስለተሳፈረ አንድ የአዋሽ አዞ እያወራሁ ነበር። አዞው ባርኔጣ አድርጎ በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል፤ ቲኬት ተቆጣጣሪው ከወዲያ ጫፍ እየመጣ ነው። ልጁ ቆሞ መስማት ጀመረ፤ ከዚያ ተቀመጠ። ባቡሩ ጮኸ። ጋሼ ሰይድ፣ ባቡሩ አለኝ። ባቡር ሦስቴ ሳይጮህ አይነሣም አልኩት። ከየት አመጣሁት? ከዚያው አዞውን ካመጣሁበት። ባቡሩ ግን በሁለተኛው ጩኸት ተነሣ። ተክሌ ልጁ የተሳፈረ መስሎት ባንዲራውን አወዛወዘ። ዮናስ በራሱ ሳቀ፤ በቃ ነገ እሄዳለሁ፣ እስከዚያ ይጨርሱልኝ አለና ቁጭ አለ። ኦራል የሚሏት የወታደር መኪና ደጄ ላይ የቆመችው ያኔ ነው። ዮናስን ጨምሮ አራት ልጆች ወሰዱ። የልጅ ልጄ ነው፣ ሠራተኛዬ ነው፣ የሚጥል በሽታ አለበት፣ ልል የምችለው ስንት ነገር ነበር። በቅሎ ወለደች ብዬ ያሳመንኩ ሰው ማንቆርቆሪያ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ከዓመት በኋላ ከሰሜን የዮናስ መርዶ መጣ። ተክሌ ልጁን ከባቡር ላይ አውርደው የወሰዱት እንደሆነ ይናገር ነበር። እኔም፣ ይሆናል፣ ሰዎቹ ምን ይሳናቸዋል እያልኩ ሻይ እቀዳለሁ። የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ አይቷል፤ ማንም አልተናገረም። ግማሹ ፈርቶ፣ ግማሹ ለእኔ አዝኖ።

ወደ መኪናዎቹ ልመለስ። የዚያን ቀን ምን ቆሞ ነበር የሚለውን ሻይ ቤቴ ሦስት ሳምንት ተከራከረበት። ከፍርድ ቤት የሚለየን ዳኛው ሻይ መቅዳቱ ብቻ ነበር። የአሰብ መስመር ሾፌሩ ግርማ ኤንትሬ የጭነት መኪናዬ እዚህ ነበረች ብሎ ማለ፤ ያን ቀን አሰብ ጎማ ሲለጥፍ እንደዋለ ረዳቱ ቢመሰክርበትም ከዚያች ጣውላ ላይ መቅረት አልፈለገም። አንዱ የአስተማሪውን ትንሿን ፊያት፣ ሴይቼንቶዋን አነሣ። ያቺ መኪና ያኔ ናዝሬት ተሽጣ ዶሮ ታድርባት እንደነበር በማስረጃ ተረጋገጠ። የቀበሌው ሰው ደግሞ ጓዶች፣ አንድ ትራክተር ይግባበት አለ፤ ተክሌ ትራክተሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው ብሎ አስወጣው። ባቡሩ በአንድ ዘመን መኪናው በሌላ ዘመን ከሆነ የቁርጥራጭ ሱቅ ነው እንጂ ከተማ አይደለም ይል ነበር። ከዱብቲ ጥጥ የጫነው መኪና ያለ ክርክር አለፈ። በወባ ማጥፊያው ላንድሮቨር ቀለም ላይ ግን ሁለት ሰዎች እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።

በመጨረሻው ቀን ተክሌ በእጁ ቆርኪ እያሽከረከረ፣ ቀና ሳይል፣ "ኦራልስ?" አለ።

"ኦራል ያኔ ገና አገራችን አልገባችም" አልኩ።

ከሶማሌ ጦርነት ጀምሮ ኦራል በዚያ ከተማ ከፍየል እኩል ነው የምትታየው። ሕፃናት እንኳ በድምጿ ይለዩዋታል። በሴይቼንቶና በላንድሮቨር ቀለም የተፋጩት ሁሉ ግን አንድም ቃል አልተነፈሱም። ግርማ እንኳ ብርጭቆው ውስጥ ገባ። ሁመድ ሻዩን ሳይጨርስ በትሩን አንሥቶ ወጣ።

መኪናዎቹን ጨርሼ በስኳር ካርቶን ይዤለት የሄድኩት ከሰዓት በኋላ ነበር። አንድ በአንድ አስቀመጥኳቸው፤ የጥጡ መኪና ላይ የእውነት ጥጥ አድርጌበታለሁ። ተክሌ አጎንብሶ አየና ጎበዝ አለኝ። ከዚያ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ያወጣት ኦራል ነበረች። አረንጓዴ ቀለም ተቀብታ፣ ሸራዋ ከአሮጌ ካልሲ ተቆርጦ፣ ስድስቱም ጎማ ሙሉ። ከእኔዎቹ ሁሉ እሷ ታምራለች። ቀስ ብሎ ከክብሪት ሳጥኗ ደጃፍ ላይ አቆማት።

ቀጥሎ ብዙ ጊዜ ከመታጠፉ ብዛት ሊበጠስ የደረሰ ወረቀት ሰጠኝ። ዮናስ ከማሠልጠኛ የጻፈው ነው፤ ከመርዶው በፊት የደረሰ። አባዬ፣ ባቡሩ ያመለጠኝ በማንም ጥፋት አይደለም፣ ስስቅ ነው ይላል። ጋሼ ሰይድን የአዞውን መጨረሻ ጠይቅልኝ፣ ስመጣ ትነግረኛለህ ይላል።

አራት ዓመት ሙሉ ይህን ወረቀት በኪሱ ይዞ ሻዬን ሲጠጣ ኖሯል። አራት ዓመት፣ ስኳር ቀንስልኝ ብቻ ሲለኝ።

"ራስህ ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅሁ" አለኝ። "ስትጨምር ኖረህ የቀነስከው ይህችን ብቻ ነው፣ ሰይዶ።"

ምን ይባላል? አፉ በለኝ አልኩት። በርጩማ ስቦ ከጣውላው አጠገብ ተቀመጠና እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

"በል፣ አዞው ምን ሆነ?"

አፌን ከፈትኩ። ወላሂ፣ መጨረሻ አልነበረውም። እያወራሁ ነበር የምፈጥረው፤ ኦራሏ ስትቆም ተቆጣጣሪው አዞው ዘንድ ደርሶ ቲኬት ብሎ እጁን መዘርጋቱ ነበር። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሆን እኔም አላውቅም ነበር። ተክሌ እስኪመሽ ጠበቀ።

ይኸው እሱም ካለፈ ስንት ዓመቱ። ሰመራ ውስጥ አመሻሽ ላይ ሰው ይሰበሰብና ሰይድ ወሬ አያልቅበትም ይላል፤ እኔም አንዱን አሥር አድርጌ አስቃቸዋለሁ። ያ ተቆጣጣሪ ግን እስከ ዛሬ እጁን እንደዘረጋ ነው፤ አዞውም ኪሱን እየዳበሰ ነው።