ክቡር ነቄ ከክኒን ያረፉ ሰሞን

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ «ሰውነቴ ለመደው» ባይ አይጠፋም። የእኛ ማተሚያ ቤት ደግሞ የሁሉንም አውራ አግኝቷል፤ አራሚያችንን ክቡር ነቄን። ቅጽል ስሙን ያወጣንላቸው በጠራራ ቀን እንቅልፍ ላይ የሚጥል ሕመም ስላለባቸውና ሐኪም ካዘዘላቸው የማንቂያ ክኒን ውጭ ዓይናቸው ስለማይገለጥ ነው። ለጭካኔ አንታማም።

ክቡርነታቸው በግማሽ ክኒን ጀመሩ። ያን ሰሞን የጎደለች አራት ነጥብ ከበር ላይ ትታያቸው ነበር። በሦስተኛው ወር ግማሹ አንድ ሆነ፤ አንዱም አንድ ተኩል። «ለመደው!» ይሉናል፣ ሹመት እንዳገኘ ሰው ደረታቸውን ነፍተው። ቀጥለው ሰውነታቸውን ለማታለል ተነሡ። ክኒኑን አንድ ቀን ከቁርስ በፊት፣ አንድ ቀን ቆመው፣ አንድ ቀን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዋጡት።

«እንዳይባንን ብዬ ነው» አሉኝ። ማን እንዳይባንን አልጠየቅኩም።

አንድ ማክሰኞ «አዲሱ አዳራሽ በደማቅ ሥነ ሥርዓት ተመረዘ» የሚል መጽሔት አራት መቶ ቅጂ ታትሞ ወጣ። «ተመረቀ» ለማለት ነበር። ሥራ አስኪያጁ «አንድ ስህተት ብትደገም ወደ መጋዘን ነህ» አሏቸው። መጋዘን ውስጥ ወረቀት ይደረደራል እንጂ አይነበብም። ክቡር ነቄ ደግሞ ከማንበብ ሌላ የሚወዱት ሥራ የለም።

መድኃኒት ቤት የምትሠራው ታላቅ እህታቸው ይህን ሰምታ እየተንጨረጨረች መጣች።

«ወንድምዓለም፣ ደግሞ ሁለት ልታደርገው ነው? ሰውነትህ ሲለምደው ከክኒኑ ማረፍ እንጂ መጨመር ምን ይሉታል? ሂድና ሐኪምህን አናግር። ማታ ማታም በጊዜ ተኛ!»

«እሺ፣ እታለም።»

ሐኪሙ አሥር ቀን ያለ ክኒን እንዲቆዩ፣ ከዚያ ወደ ግማሽ እንዲመለሱ፣ ሥራ በሌለበት ቀንም እንዲዘሉት አዘዙ። ሥራ አስኪያጁ ግን የዕረፍት ፈቃድ አልሰጡም። ስለዚህ ክቡርነታቸው አሥሩን ቀን ብዕር እንደጨበጡ፣ ጉንጫቸውን ሰነድ ላይ አስተኝተው ከረሙ። ረዳት አራሚያቸው እኔም ገጾቹን ከጉንጫቸው ሥር እየሳብኩ በምሳ ሰዓቴና እቤቴ ወስጄ አረምኩ። ለማንም አልተነፈስኩም። አንቱታው እዚህ ላይ ይቅርና፣ ይህን ሰውዬ እወደዋለሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ግማሿን ዋጠ። ዓይኑ ፍጥጥ አለ። መጀመሪያ ያነሣው ትናንት እኔ ያሳለፍኩትን፣ ገና ያልታተመ ገጽ ነበር። «የዓመቱ ተሸላሚዎች» የሚለው «የዓመቱ ተሸካሚዎች» ሆኖ አልፎኛል። ቃሉን በቀይ አስተካከለና ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

«አሥር ቀን ሙሉ አንተ ነህ ያረምክልኝ?»

«ማን ነገረህ?»

«ዓይንህ በርበሬ መስሏል። ክኒን እንዳልሰጥህ ሐኪም ለእኔ ያዘዘው ነው፣ ደግሞም ትለምደዋለህ። በል፣ ጠረጴዛው ላይ ጋደም በል። ያንተን ገጾች እኔ አያለሁ።»

እንቅልፌ አልመጣም ነበር። እሺ ብዬ ግን ጋደም አልኩ።