የሐበሻ ሰዓት በሆኖሉሉ በኩል

ቶሮንቶ ውስጥ ሐበሻ የተከራየበት ረጅም ሕንጻ ሁሉ ሁለት ነገር አያጣም፤ የሚበላሽ ሊፍትና «እስቲ ኮምፒውተርሽን ልየው» የሚል ሰው። ሊፍቱ አንዳንድ ቀን ይሠራል። ሰውየው ግን ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው።

የክሬሰንት ታውን ሰፈሩ ሰውዬ ጋሽ ጥሩነህ ይባላሉ። ዕድሜ ተጭኖት የሚያቃስት ላፕቶፕ የትኛው ቤት እንዳለ ከኮሪደሩ ያውቃሉ። ይወስዱና በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባል ነጻ ሲስተም ይጭኑበታል፤ ከምስጋና በቀር ምንም አይቀበሉም። እውነት ለመናገር ላፕቶፑ ነፍስ ይዘራል። ችግሩ ከዚያ በኋላ እሳቸውም መመላለስ መጀመራቸው ነው። ምኑንም ቢጠይቋቸው «ቀላል ነው፤ አንዲት መስመር ናት» ይላሉ። ያቺ አንዲት መስመር ግን አልቃ አታውቅም።

እሌኒ እጃቸው ላይ የወደቀችው በእናቷ ምክንያት ነው። እሷ በሙያዋ አካውንታንት ናት፤ ለጊዜው መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየደረደረች በሙያዋ ሥራ ትፈልጋለች። እናቷ ወይዘሮ ብርሃነሽ ደግሞ በልጃቸው ስፖንሰርነት ከመጡ ጀምሮ ሳሎን ያለውን ላፕቶፕ እንደ ግድግዳ ሰዓት ይጠቀሙበታል። በየማለዳው ከእሱ ጋር ይጣላሉ።

«ፀሐይ ገና ብቅ ስትል ስድስት ሰዓት ነው ይለኛል። ለምሳ ሊጠራኝ ነው?»

ይህ አቤቱታ ጋሽ ጥሩነህ ጆሮ ደረሰ፤ ዓይናቸው በራ።

«እትዬ ብርሃነሽ፣ አይቸገሩ። በሐበሻ አደርግልዎታለሁ።»

«እንዴት አድርገው ጋሼ?» አለች እሌኒ።

«ቀላል ነው፤ አንዲት መስመር ናት።»

አስበውበታል። የሐበሻ አቆጣጠር ከቶሮንቶው ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። በሰመር ከቶሮንቶ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የምትቀር ከተማ ደግሞ ሆኖሉሉ ናት። እንግዲህ ላፕቶፑ ሆኖሉሉ ነው ያለሁት ብሎ እንዲያምን ማድረግ ነው። ቫሪያብል የሚሏትን አጭር ማሳሰቢያ ጻፉ፤ ተርሚናል የሚባለውን ጥቁር መስኮት ከፍተው የሰዓቱን ፕሮግራም ከዚያ ጠሩት። እውነትም ጠዋቱ ሦስት ሰዓት አለ። ወይዘሮ ብርሃነሽ እልል አሉ። ጋሽ ጥሩነህ ተመርቀው ወጡ፤ በሩ ሲዘጋ ወይዘሮዋ እንደ ልማዳቸው ስክሪኑ ላይ ያለችውን የሰዓት ሥዕል፣ አይከኑን፣ ተጫኑ፤ ዘጠኝ አላቸው።

በአንድ ላፕቶፕ ሁለት ሰዓት ሆነ። ከጥቁሩ መስኮት የተከፈተው ሐበሻ፣ በአይከኑ የተከፈተው ፈረንጅ።

ጋሽ ጥሩነህ ተመለሱ፤ ደግመው ተመለሱ። ሎግ አውት አስደረጉ፤ ሪስታርት አስደረጉ። አንዴማ ሌላ ሰፈር ለሰው ልደት የሚወስዱትን ኬክ እንደያዙ «ባስ ውስጥ ሳለሁ መጣልኝ» ብለው ገቡ። ኬኩ ፍሪጅ ገባ፤ ልደቱ አለፈ። ያን ቀን እሌኒን አጠገባቸው አስቀምጠው ምስጢሩን ገለጹላት።

«ተርሚናሉ የቤት ልጅ ነው፤ የቤቱን ደንብ ያውቃል። አይከኑ እንግዳ ነው። በር ላይ ካልነገርሽው ከየት ያውቃል?» ከእያንዳንዱ አይከን ጀርባ ፕሮግራሙን የሚያስነሳ ላውንቸር የሚባል ትንሽ ፋይል እንዳለ፣ ማሳሰቢያዋም እዚያው ትእዛዙ መስመር ላይ መግባት እንዳለባት አሳዩዋት። ጻፉት። አንድ ፊደል ገድፈው ኖሮ አይከኑ በፈረንጅነቱ ጸና። እሌኒም ተስፋ ቆረጠች።

ከዚያ አንድ ቀን፣ እሷ ሥራ ሳለች፣ መጥተው ፊደሏን አረሙ። በዚያው ደግሞ አድልዎ እንዳይሆን ብለው ለሁሉም አይከኖች ሆኖሉሉን ነገሯቸው። ጠዋትንና ከሰዓትን የሚለዩትን ኤኤምና ፒኤምንም «ለሐበሻ ምን ይሠራሉ» ብለው አጠፏቸው። «ለእሌኒ እንዳይነግሯት፤ ራሷ ትየው» ብለዋቸው ለወይዘሮ ብርሃነሽ ሄዱ።

እንደ አጋጣሚ ያን ዕለት ማታ እሌኒ የለመነችው ነገር መጣ፤ በሙያዋ የመጀመሪያው ኢንተርቪው፣ በቪዲዮ። ግብዣውን በችኮላ ተቀብላ ሰዓቱን ለማየት የካሌንደሩን አይከን ስትጫን ነገ ሦስት ሰዓት አለ። በፈረንጅ ስለመሰላት ከሰዓት በኋላ ነው ብላ ተኛች። ያ ሁሉ ልፋት ያልለወጠው አይከን ዛሬ ይለወጣል ብላ እንዴት ትጠርጥር?

በማግስቱ ጠዋት ጸጉሯን በቅባት ነክራ በፌስታል ጠቅልላ ሳለ በር ተንኳኳ።

«አየሽው?» አሉ ጋሽ ጥሩነህ፣ ምስጋናቸውን ሊቀበሉ ቆመው።

«ምኑን?»

«ሰዓቱን ነዋ! አሁን ሁሉም ሐበሻ ነው!»

እሌኒ ክው አለች። «ካሌንደሩም?»

«ምነው፣ እሱን ልለየው?»

«ጋሼ፣ ኢንተርቪውዬን ሦስት ሰዓት ነው የሚለኝ!»

«በሐበሻ ነዋ!» አሉ በኩራት። ከዚያ ኩራታቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ኢንተርቪው ለካ ዛሬ ጠዋት ነው፤ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ የቀሯት።

ወይዘሮ ብርሃነሽ ጃኬት ወረወሩላት፤ ከታች ፒጃማ፣ ከላይ ሻሽ። ባትሪው አልቋል፤ የቻርጀሩ መሰኪያ ላልቷል፤ በእጅ ካልተያዘ አይሠራም። ጋሽ ጥሩነህ ጠረጴዛው ሥር ገብተው ተንበርክከው ያዙት። ጠያቂዋ ሴትዮ ያልጠበቀችው ችግር ሲገጥማት ምን እንደምታደርግ ጠየቀቻት። እሌኒ ወደ ታች አየች። ሰውየው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ገመዱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ችግሩን ካመጣው ሰው ጋር ሆኜ እፈታዋለሁ» አለች በእንግሊዝኛ። ከየት እንዳመጣችው አታውቅም። ሥራውን አገኘች።

ጋሽ ጥሩነህ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ጠፉ። አፍረዋል። ሎቢ ላይ ሲያይዋት ስልክ የተደወለላቸው መስለው ይዞራሉ። ላፕቶፑ ፍጹም ሆነ፤ ቤቱ ጭር አለ። ናፈቋት።

አንድ ቅዳሜ እሌኒ ራሷ የሰዓቱን ላውንቸር ከፈተች። ሆኖሉሉ የምትለዋን ቃል ፈልጋ አጠፋቻት። አይከኑን ስትጫን ሰዓቱ ፈረንጅ ሆነ። ስልኳን አነሳች።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ እንደገና እምቢ አለ።»

«የነካው ሰው አለ?»

«ማን ይነካዋል?»

«እንዳትዘጊው! መጣሁ!»

ወይዘሮ ብርሃነሽ ከሶፋው ላይ ሁሉን ሲያዩ ነበር።

«ልጄ፣ ደህናውን ሰዓት ለምን አበላሸሽው?»

«እንዲመጡ ነው እማ።»

ወይዘሮዋ ተነስተው ወደ ማድ ቤት አመሩ።

«እንግዲያው ካሌንደሩንም አበላሺው፤ እራት በልተው ይሄዳሉ።»