የሁለት አያቶች መርፌ

በመጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ስንት ዘመን በመንግሥት ቢሮ አገልግዬ በክብር ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ስለ ጉንፋን ላወራችሁ በመቀመጤ ከልብ አዝናለሁ። አገር ስንት ጉዳይ እያላት። ግን ምን ላድርግ? ነገሩ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። በሌላ ሰው ላይ ቢደርስ ኖሮ ደግሞ ከዚህም አስረዝሜ ባወራሁት ነበር።

ልጄ ወለደች። ወንድ ልጅ። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ነው። ቤቷ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔና ባለቤቴ አስካለ ከሳሊተ ምሕረት ተነስተን ልንጠይቃት ሄድን። ሊፍቱ የሚሠራበት ቀን አልነበረምና ደረጃውን እያለከለኩ ወጣሁ። እጄን ዘርግቼ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ከማለቴ ልጄ አልጋዋ ላይ ሆና መዳፏን እንደ ትራፊክ ፖሊስ አነሳችብኝ።

«አባዬ፣ እዚያው ቁም። ፍሉ ሻት ሳትወስድ ቤቢውን መያዝ የለም።»

እኔ የሸሚዝ ዓይነት መሰለኝ። «ንጹሕ ነው፣ ዛሬ ጠዋት ነው የለበስኩት» አልኳት። ለካ የጉንፋን ክትባት ማለቷ ነው። አራስ ልጅ ደረቱ ገና ነው፣ ለእኛ ጉንፋን የሆነው ለእሱ ሆስፒታል ነው፣ እሱ ደግሞ ለመከተብ ገና ትንሽ ነው፣ ስለዚህ የሚይዙት ሰዎች ይከተቡ ብሎ ሐኪሙ መክሯታል።

ይህን እያስረዳችኝ አስካለ በአጠገቤ አልፋ፣ እጇን ታጥባ፣ ልጁን አቀፈችው።

«እሷስ?» አልኩ።

«እማዬ ተወግታለች።»

መቼ? ማንን አማክራ? አስካለ ዞር እንኳ ሳትል «ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ ስመለስ» አለች። አያችሁ፣ አንዳንድ ሰው እንዲህ ነው። ይህን የሚያህል ውሳኔ ከሽንኩርት ጋር ያስኬደዋል። እኔ ገንፎዬን በሩ አጠገብ ተቀምጬ በላሁ፤ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው ይመስል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። እኔ መርፌ አልፈራም። መርፌና እኔ ተከባብረን፣ ርቀታችንን ጠብቀን የኖርን ሰዎች ነን። እሱ ካልመጣብኝ እኔ አልሄድበትም። ይህ ፍርሃት አይደለም፤ መልካም ጉርብትና ነው።

ነገሩን ያከበዱት የልጄ ባል አባት ናቸው። አቶ ገብረሕይወት ይባላሉ። የመቀሌ ሰው ናቸው፣ ሃያ ሁለት አካባቢ የሕንፃ ዕቃ ይነግዳሉ፣ ጫማቸው ሁልጊዜ እንዳበራ ነው። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ጥፋታቸው የልጅ ልጄ አያት መሆናቸው ብቻ ነው። ልጁ በተወለደ ማግስት አፍንጫው የእኛ ቤት ነው አሉ። እኔ የእኛ ነው ብያለሁ። ጉዳዩ እስካሁን አልተቋጨም። እንግዲህ እኚህ ሰው፣ ልጄ በተናገረች በሁለተኛው ቀን፣ በቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ፎቶ ለቀቁ። እጅጌው የተጠቀለለ ክንድ፣ ክንዱ ላይ ፕላስተር፣ ከሥሩ «ለልጅ ልጄ» የሚል ጽሑፍ። ዘመድ ሁሉ በልብ አጥለቀለቀው። ልጄ ሦስት ልብ ሰጠቻቸው። ለእኔ በልደቴ ቀን የሰጠችኝ አንድ ነው።

ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር «አባዬ፣ ተወጋህ?» ትለኛለች። «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» እላታለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ለባለጉዳይ የሰጠሁት መልስ ነው፤ በገዛ ልጄ ፊት እንዲህ ቀላል ሆኖ ይገኛል ብዬ አላሰብኩም።

ግን በእውነት እያጠናሁ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄዬ፣ እኛ አገር ጉንፋን ከምን ይመጣል? የሚል ነው። ከመስኮት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አለ? በቀደም ከሳሊተ ምሕረት ወደ መገናኛ በታክሲ ስሄድ አንዲት ልጅ ትንሽ አየር ብላ መስኮት ከፈተች። ታክሲው በአንድ ድምፅ ተነሳባት። «እህት፣ ዝጊው፣ ብርድ ልታስመቺን ነው?» ከኋላ ወንበር አንድ ሰውዬ ከሳሊተ ምሕረት ጀምሮ ደረቱ እስኪሰነጠቅ ይስላል። እሱን ማንም አልተናገረውም። ልጅቷ ዘጋች። እኛም በሰላም ተቀምጠን የሰውዬውን ሳል እኩል ተካፈልን። ታዲያ መርፌው ለመስኮት ምን ይሠራል? ይህን ልጄን ብጠይቃት ስልኩን ዘጋችብኝ። ብርድ ፈርታ ይሆናል።

ሁለተኛው እርምጃዬ ባለሙያ ማማከር ነበር። ከቤታችን ሥር ሱቅ ያላቸው ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው አሉ። ሐጅ ሲሄዱ የተለያየ መርፌ እንደተወጉ ነግረውኝ ስለነበር፣ ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል፣ የጉንፋኑ ያማል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አብሽር፣ ትንኝ ናት» አሉኝ።

«ምን ዓይነት ትንኝ?»

«እንዴት ምን ዓይነት?»

«ማለቴ፣ እንደው በመጠን።»

ሐጂ ሚዛኑን ትተው አዩኝ። «አቶ ታደሰ፣ እርስዎ የሚያጠኑት ጉንፋኑን ነው መርፌውን?» አሉኝ። ሳሙና ገዝቼ ወጣሁ። ሳሙና አልፈለግኩም ነበር።

ጥናቱ በዚህ መልኩ በእርጋታ ሲቀጥል ልጄ ደወለች። መርፌው ሥራውን እስኪጀምር ሁለት ሳምንት ይፈጃል፣ የአቶ ገብረሕይወት ሁለት ሳምንት ደግሞ እሁድ ይሞላል፣ ስለዚህ እሁድ መጥተው ልጁን ይይዛሉ አለችኝ። «አንተም ና አባዬ፣ በሩ ጋ ወንበር አዘጋጅልሃለሁ» አለች።

ያን ሌሊት አሰብኩ። አቶ ገብረሕይወት መሃል ሶፋ ላይ የልጅ ልጄን ታቅፈው፣ ስለ አፍንጫው ገለጻ ሲሰጡ። እኔ በር ላይ። ጥናቱ በማግስቱ ተጠናቀቀ።

ክሊኒኩ ከልጄ ቤት ብዙ አይርቅም። ከታች ፋርማሲ አለ፣ ከላይ ክሊኒኩ። እግሬ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ሐሳብ ቀየረ፤ እኔ ግን ጸናሁ። መጠበቂያው ክፍል ስገባ አንድ ሽማግሌ ብቻ አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ስለ እናት ጡት ወተት ጥቅም የሚናገር ፖስተር በከፍተኛ ጥሞና ያነባሉ። ጫማቸው ያበራል።

«አቶ ገብረሕይወት?»

ቀስ ብለው ዞሩ። «አቶ ታደሰ። ምነው፣ በደህና?»

«በደህና። እርስዎስ?»

«በጣም ደህና።»

ክትባት ክፍል በር ላይ የተገናኘን ሁለት በጣም ደህና ሰዎች።

«እርስዎ ተወግተው የለም እንዴ? ፎቶውን አይተን ነበር» አልኩ።

አቶ ገብረሕይወት ወደ ጫማቸው አዩ። «ክንዱ የእኔ ነው» አሉ። «ፕላስተሩም እውነተኛ ነው። የጎደለው መርፌው ብቻ ነው።»

ያን ቀን እዚህ በር ድረስ መጥተው ነበር። የአልኮሉ ሽታ አፍንጫቸው ሲገባ እግራቸው ይዟቸው ወረደ። ከታች ካለው ፋርማሲ ፕላስተር ገዙ። «እሁድ ና ያዘው ሲሉኝ እንቅልፍ አጣሁ» አሉኝ። «በውሸት ክንድ ሕፃን አይታቀፍም አቶ ታደሰ።»

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አንዲት መልእክት ቴሌግራሙ ላይ ብጥል የአፍንጫው ክርክር ለዘላለም ያበቃል። ግን ሰውዬው አሳዘኑኝ። የመርፌ ፍርሃት ምን እንደሚመስል፣ በሰው ስለሰማሁ፣ ጠንቅቄ አውቃለሁ።

በሩ ተከፈተና አንዲት ወጣት ነርስ ብቅ አለች። «አባቶቼ፣ ማን ይቅደም?»

ስንት ቀን ለመቅደም ስንሞት የከረምን ሰዎች ነን። አቶ ገብረሕይወት ከወንበራቸው ብድግ ብለው እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉልኝ።

«እርስዎ ይቅደሙ።»

«ኧረ በፍጹም፣ ቀድመው የመጡት እርስዎ ነዎት።»

«የእናቱ አባት እያሉ እኔ? ነውር ነው።»

«የአባቱ አባት እያሉ እኔ ብገባ ሰው ምን ይለኛል?»

«ደግሞ እውነቱን ለመናገር» አሉ አቶ ገብረሕይወት ላብ ላብ እያላቸው፣ «አፍንጫው የእርስዎ ነው።»

እንዲህ ዓይነት ጭካኔ ከእሳቸው አልጠበቅኩም። «አይደለም» አልኩ። «ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የእናንተ ነው።»

ነርሷ ሁለታችንንም በክንዳችን ይዛ አስገባችን። አንድ አልጋ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠችን፣ የእኔን ግራ ክንድ፣ የእሳቸውን ቀኝ ክንድ አስገለጠች። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ለጸሎት ነው። ብዙ ጠበቅኩ።

«የኔ ልጅ፣ መቼ ነው የምትወጊን?»

«ጨርሻለሁ እኮ ጋሼ» አለች።

ዓይኔን ስገልጥ እጄ በአቶ ገብረሕይወት እጅ ውስጥ ነው። ማን ማንን እንደያዘ እስካሁን ልዩነት አለን። ነርሷ እጃችንን አይታ «እጅ ለእጅ መያያዝ ጥሩ ነው» ብላ ፕላስተር ለጠፈችልን።

ደረጃውን ስንወርድ ተስማማን። እሳቸው «እኔ እርስዎን ላጅብ መጣሁ ይበሉልኝ» አሉኝ። እኔም በበኩሌ እሳቸውን ላጅብ እንደመጣሁ እንዲናገሩ ጠየቅኩ። ታች ስንደርስ ሁለታችንም አጃቢ ከሆንን የተወጋው ማን እንደሆነ ግራ ገባን። በመጨረሻ እኔ በይፋ ተወጋሁ፤ እሳቸው ደግሞ ለልጄ ደውለው ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ይዞኛል፣ እሁድን ተዪው፣ የአቶ ታደሰ ሁለት ሳምንት ሲሞላ አብረን እንመጣለን አሉ። የሌለ ጉንፋን የያዘው ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሳል እንኳ ጨመሩበት፤ ጎበዝ ናቸው።

ሁለቱ ሳምንት አለፈና ክርስትናው ሳይደርስ ሄድን። እጃችንን ታጠብን። ልጄ ሁለታችንን ሶፋው ላይ አስጠግታ አስቀምጣ ልጁን በሁለታችን ጉልበት ላይ አደረገችው፤ ራሱ በእኔ በኩል፣ እግሩ በእሳቸው በኩል። ሞቅ ያለ ዳቦ ነው የሚመስለው። ጎንበስ ብዬ አፍንጫውን ላየው ስጠጋ ልጁ ፊቱን አጨማደደ፣ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ልክ ፊቴ መሃል ላይ አስነጠሰ። በዚያ ቤት ውስጥ ያልተከተበ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

«ይማርህ የኔ ጌታ» አልኩት ዓይኔን እየጠረግኩ።

ይማርህ ለተባለ ሰው መመለስ ወግ ነው። ልጁ ደግሞ ገና አይናገርም። አቶ ገብረሕይወት የቤተሰባቸው ስም እንዳይነሳ ብለው ነው መሰለኝ፣ በልጅ ልጃቸው ፈንታ ቸኩለው፣

«ያኑርዎት» አሉኝ።

ያሉት ከገባቸው በኋላ ትንሽ ደነገጡ። ግን አንዴ ተመርቄያለሁ፤ የልጁ እናት ምስክር ናት። ረጅም ዕድሜ በተቀናቃኜ አንደበት።

እንግዲህ አደራ። ይህን ያጫወትኳችሁ ከእኔና ከእናንተ እንዳያልፍ። ልጄ እስከ ዛሬ አማቿ ያኔ ጉንፋን ይዟቸው እንደነበር ነው የምታውቀው። በጀግንነት በአንድ ሳምንት አሸነፉት፣ አያችሁ ክትባቱ እንዴት እንደሚሠራ እያለች ለጓደኞቿ ሁሉ ትናገራለች።